የከፍተኛውን ሞዴል ጭስ ማውጫ ለዝቅተኛው ሞዴል ስለ መግጠም
በነቀምትና በኡኬ መንገድ በሚሠራው ላንድክሩዘር ምሳሌነት የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በወለጋ ከተሞች ጋራዦች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣውን አንድ ጥያቄ በሥርዓት መርምሮ ማስረዳት ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ያለው መኪና ከአንድ ዓይነት መኪና ሞዴሎች ዝቅተኛው ቢሆን፣ የከፍተኛውንም ሞዴል ጭስ ማውጫ ገዝቶ ቢያስገጥምለት፣ መኪናው የከፍተኛውን ጉልበት ያገኛልን? በሌላ አገር ይህ ጥያቄ በይበልጥ የሚነሣው ስለ ምቾትና ስለ ጌጥ መኪናዎች ነው። በእኛ አካባቢ ግን የክብር መኪና ተብሎ የሚቆጠረው ላንድክሩዘር ስለ ሆነ፣ ምሳሌያችንን ከእርሱ ወስደናል።

ነገሩ ተራ ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ምክንያት እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ነባሩ መኪና የበለጠ ውድ ሆኗል፤ ባለቤቱም አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማሻሻልን ይመርጣል። ስለዚህ የትኛው ማሻሻያ እውነተኛ እንደ ሆነ፣ የትኛውም ድምፅ ብቻ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ለኪስም ለጤናም የሚጠቅም ዕውቀት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው፣ ጭስ ማውጫ ለብቻው ቆሞ ጉልበት የሚሰጥ ዕቃ ሳይሆን ከሞተሩ ጋር ተለክቶ የተሠራ የሞተሩ አካል መሆኑን ነው።

ስለ ቃላቱ

ወደ ጋራዥ የሚገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚቸገረው በብረቱ ሳይሆን በስሙ ነው። የአገራችን መካኒኮች ቋንቋ ብዙውን ቃል የወረሰው ከኢጣልያንኛ ነው፤ ይህም ኢጣልያኖች አገሪቱን በያዙበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመንና ከዚያም በኋላ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ በከፈቱት ሰዎች አማካይነት የገባ ነው። ድምፅ የሚያፍነው በርሜል መሰል ክፍል ማርሚታ ይባላል፤ ቃሉ በኢጣልያንኛ ትልቅ ድስት ማለት ነው። በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ መካከል ገብቶ ጭስ እንዳያፈተልክ የሚዘጋው ጓርኒሲዮን ነው። ማሰሪያው ቡሎን፣ የቡሎኑ እናት ዳዶ፣ የነዳጁ ማጠራቀሚያ ሳልባትዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ ካምቢዮ ይባላሉ። ጭሱ ራሱ በኦሮምኛ «ኣራ» ነው፤ በነቀምት ጋራዥ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስቱም ቋንቋዎች ተደባልቀው ቢሰሙ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ጭስ ማውጫ ስንል ከሞተሩ ጭስ መሰብሰቢያ ጀምሮ እስከ መኪናው ጅራት ድረስ ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው። ይኸውም ከሞተሩ ላይ የሚነሣውን የፊት ቱቦ፣ መካከለኛውን ቱቦ፣ ማርሚታውንና የኋላውን ቱቦ ያጠቃልላል።

የጭስ ማውጫ ሥራ

ብዙ ሰው ጭስ ማውጫን እንደ ቤት ጭስ መውጫ ቀዳዳ ያስበዋል፤ ቀዳዳው በሰፋ መጠን ጭሱ በቶሎ ይወጣል ይላል። እውነቱ ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል። የሞተር ጭስ እንደ ምድጃ ጭስ ዝም ብሎ የሚፈስ አይደለም፤ የሚወጣው በምት በምት ነው። የማውጫው ቫልቭ በሚከፈትበት ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ገና እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ፣ ጭሱ እንደ ፍንዳታ ወደ ቱቦው ይወረወራል። ምቱም በጋለው ጭስ ውስጥ እንደ ድምፅ ማዕበል ይጓዛል፤ ቱቦው በሚሰፋበት ስፍራ ሲደርስ አንዱ ክፍል ወደ ኋላ ይመለሳል። የተመለሰው ማዕበል በትክክለኛው ጊዜ ወደ ቫልቩ ቢደርስ ቀሪውን ጭስ እየሳበ ያወጣል፤ ያለ ጊዜው ቢደርስ ግን መልሶ ይገፋዋል። የቱቦው ርዝመትና ስፋት በግምት ሳይሆን በልክ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

ይህን ለመረዳት በወለጋ ገጠር ያለውን ብረት ቀጥቃጭ፣ ቱምቱን፣ ከነወናፉ ማሰብ ይጠቅማል። የወናፉ አፍ ከመጠን በላይ ሰፊ ቢሆን ነፋሱ ይበተንና ፍሙን አያነደውም፤ ከመጠን በላይ ጠባብ ቢሆን ደግሞ የሚነፋው ልጅ በከንቱ ይደክማል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ልከኛው አፍ ነው። የሞተር ቱቦም እንዲሁ ነው። በጋራዦች «ሞተር የኋላ ግፊት ይፈልጋል» የሚል አባባል ይሰማል፤ ይህ አባባል በትክክል አልተነገረም። ሞተር የኋላ ግፊትን ፈጽሞ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የጭሱን ፍጥነት ነው። ቱቦው በጠበበ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግን ግፊቱም አብሮ ይጨምራል። ቱቦው በሰፋ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግን ፍጥነቱም አብሮ ይቀንሳል።

ስፋት ሲለወጥ ምን ያህል ነገር እንደሚለወጥ በቁጥር እንይ። የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በ63 ሚሊ ሜትር ቢተካ፣ የቀዳዳው መጠን ወደ 1.6 እጥፍ ያድጋል፤ የጭሱ ፍጥነት ከ100 ወደ 63 ይወርዳል፤ በቱቦው ግድግዳ የሚፈጠረው ተቃውሞ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ይህን ሰምቶ ሰፊውን ቱቦ መመኘት የማይቀር ነው። ነገር ግን ተቃውሞው አስቀድሞ ትንሽ ከነበረ፣ የትንሹ ሁለት ሦስተኛ ቢቀነስ የሚገኘው ትርፍም ትንሽ ነው። ወደ ፊት የምናሰላውም ይህንን ነው።

ሁለቱ ወንድማማች ሞተሮች

ላንድክሩዘር 80 የተባለው ሞዴል ለገበያ የቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ነው። በአንድ ዓይነት ሻሲ ላይ ከሚገጠሙት የናፍጣ ሞተሮቹ መካከል ለዚህ ጥናት የሚስማሙን ሁለቱ ናቸው። ዝቅተኛው 1ኤችዚ የሚባለው ነው፤ ከፍተኛው 1ኤችዲ-ቲ የሚባለው ነው። ሁለቱም ስድስት ሲሊንደር በአንድ መሥመር አላቸው፤ የሁለቱም መጠን 4,164 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ የሲሊንደራቸው ስፋት 94፣ የፒስተናቸው ጉዞ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ ለሚያያቸው ሰው መንታ ይመስላሉ።

ጉልበታቸው ግን የተለያየ ነው። 1ኤችዚ ወደ 130 ፈረስ ጉልበትና ወደ 285 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። 1ኤችዲ-ቲ ወደ 165 ፈረስ ጉልበትና ወደ 360 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ልዩነቱ ወደ 35 ፈረስ ጉልበት ነው። ባለ 1ኤችዚ ሰው ሲመኝ የሚኖረው ይህንን 35 ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንደኛ፣ ከፍተኛው ሞዴል ተርቦ አለው። ተርቦ ማለት በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚሽከረከር ትንሽ ጎማ ሆኖ፣ በሌላው ጫፉ ንጹሕ አየርን ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባ ነው። ሁለተኛ፣ የናፍጣው አገባብ የተለየ ነው፤ በ1ኤችዚ ናፍጣው መጀመሪያ ወደ ትንሽ ጎን ክፍል ይረጭና ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይዛመታል፤ በ1ኤችዲ-ቲ ግን በቀጥታ በፒስተኑ ራስ ላይ ይረጫል። ሦስተኛ፣ የመጭመቂያቸው መጠን ይለያያል፤ በ1ኤችዚ ከ22 በላይ ለ1 ሲሆን በ1ኤችዲ-ቲ 18.6 ለ1 ነው። አራተኛ፣ የናፍጣው ፖምፓ አየር በጨመረ ቁጥር ነዳጅን የሚጨምር መቆጣጠሪያ አለው። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቱቦው የሚመጣው። የከፍተኛው ሞዴል ጭስ ማውጫ የተሠራው ይህ ሁሉ አየርና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያወጣውን ብዙ ጭስ እንዲያሳልፍ ነው፤ የጉልበቱ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱን ተከትሎ የመጣ ነው።

ትርፉ በቁጥር ሲታይ

አሁን የከፍተኛው ሞዴል ማውጫ በ1ኤችዚ ላይ ቢገጠም ምን ያህል ጉልበት እንደሚገኝ እናስላ። ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ዙር ቢዞር በሴኮንድ 60 ዙር ይሆናል። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚተነፍስ፣ በሴኮንድ 30 ጊዜ ተነፈሰ ማለት ነው። 30 በ4.164 ሊትር ሲባዛ ወደ 125 ሊትር ይሆናል። ፒስተኖቹ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ይህን ያህል ስፍራ እየጠረጉ ጭሱን ወደ ውጭ ይገፋሉ።

አዲሱ ማውጫ የኋላውን ግፊት በ10 ኪሎ ፓስካል ዝቅ አደረገ እንበል፤ ይህ ሻጩን የሚደግፍ ለጋስ ግምት ነው። 10,000 ፓስካል በ0.125 ሜትር ኩብ ሲባዛ 1,250 ዋት ይሆናል፤ ይህም 1.7 ፈረስ ጉልበት ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው ጭስ በመቀነሱ ጥቂት ቢታከልበትም፣ መጠኑን የሚለውጥ አይደለም። ከተመኘነው 35 ፈረስ ጉልበት የተገኘው ሁለት እንኳ አልሞላም።

ይህም የተገኘው ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲጮህ ነው። በደቂቃ 1,800 ዙር ሲሆን የጭሱ ብዛት በግማሽ ይቀንሳል፤ ተቃውሞው ደግሞ ከብዛቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ግማሹ በአንድ አራተኛ ሲባዛ አንድ ስምንተኛ ነው። ስለዚህ በ1,800 ዙር የሚገኘው ትርፍ 0.2 ፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነው። ይህን ያህል ለውጥ የትኛውም ነጂ በእግሩ ሊያውቀው አይችልም። የሚያውቀው ድምፁን ነው፤ ጆሮ ለጉልበት ምስክር ሆኖ የሚቆጠረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከኡኬ ወደ ነቀምት ሲወጣ

ስሌቱን ወደ መንገዱ እናውርደው። ከነቀምት ተነሥቶ ወደ ቡሬ በሚያልፈው መንገድ ላይ ኡኬ የምትባለው ከተማ ትገኛለች። መንገዱ ከነቀምት ደጋ ወደ አንገር ወንዝ ቆላ እየወረደ ይሄዳል። ወደ ጊምቢም የሚሄድ ሰው እንዲሁ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ይወጣል። በወለጋ መኪና የሚፈተነው በሜዳ ላይ ሩጫ ሳይሆን ሰውና እህል ጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ በመውጣት ነው። በዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ የሚሠራው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ነው። ከላይ እንዳየነው ሰፊው ቱቦ ምንም የማይጠቅመው በዚሁ ዙር ላይ ነው። በቤንዚን ሞተር ሲሆንማ፣ የጭሱ ፍጥነት በመውረዱ በዝቅተኛው ዙር ያለው ጉልበት እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ያህል ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 78 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው አየር በክብደት ሲለካ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጎድላል። የ1ኤችዚ 130 ፈረስ ጉልበት የተለካው በባሕር ጠለል ሁኔታ ነው፤ በነቀምት አደባባይ ያለው 1ኤችዚ ይህን ጉልበት ከቶ አያገኝም።

እንግዲህ በደጋ ላይ ሞተሩን ያነቀው የትኛው በር ነው? የመግቢያው ነው ወይስ የመውጫው? መልሱ ግልጽ ነው፤ የጎደለው በመግቢያው በኩል ያለው አየር ነው። የሚወጣው ጭስም በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ ፋብሪካው ለባሕር ጠለል የለካው ቱቦ በነቀምት የሚያሳድረው ተቃውሞ ከዚያ ያነሰ ነው። መውጫውን ማስፋት፣ በደጃፍ ሰው ባልተጋፋበት ቤት የጓሮውን በር እንደ ማስፋት ነው። በደጋ ላይ ይህን ጉድለት በእውነት የሚሞላው ተርቦ ነው፤ አየሩን ጨምቆ ያስገባልና።

ስለ ጥቁር ጭስ

ባለ መኪናዎች ማውጫውን ለማስለወጥ ከሚገፋፏቸው ምክንያቶች አንዱ ዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ ነው። «ማርሚታው ታፍኗል» ይባላል። ማርሚታ በእውነት ሊታፈን ይችላል፤ የውስጡ ላሜራ ዝጎ ሲወድቅ መንገዱን ይዘጋል። ነገር ግን ጥቁር ጭስ በአብዛኛው የሚናገረው ነዳጁ ከአየሩ መብለጡን ነው። ይህም የሚሆነው አየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን፣ ነዳጅ የሚረጨው አፍንጫ ሲበላ ወይም ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ ወደ ደጋ ሲወጣ ነው። ከነቀምት ወደ ኡኬ ሲወርድ የማያጨስ መኪና ሲመለስ የሚያጨሰው ጭነቱና ዳገቱ ነዳጅ ሲያስጨምር አየሩ ደግሞ እየሳሳ በመሄዱ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃ መኖሩን ያመለክታል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አዲስ ቱቦ አይፈውሰውም። ማርሚታ ከመግዛት በፊት አየር ማጣሪያውን አውጥቶ ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

አገጣጠሙ እንዴት ነው?

ባለቤቱ ይህን ሁሉ አውቆ ቢያስገጥም፣ ለምሳሌ አሮጌው ዝጎ የከፍተኛው ሞዴል ማውጫ በደኅና ሁኔታ ቢገኝ፣ ሥራው የሚከተለውን ሥርዓት ይፈልጋል።

1ኛ. የፊቱን ቱቦ መለየት። በከፍተኛው ሞዴል የፊቱ ቱቦ የሚነሣው ከተርቦው መውጫ ነው፤ በዝቅተኛው የሚነሣው ከጭስ መሰብሰቢያው ነው። የሚነሡበት ስፍራና የመጋጠሚያቸው ቅርጽ ስለሚለያይ፣ የፊቱ ቱቦ እንዳለ አይገጥምም። ሊወሰድ የሚችለው መካከለኛውና የኋላው ነው። በሁለቱ መካከል የሚሠራው ማገናኛ ስፋቱን በድንገት የሚለውጥ ሳይሆን እንደ ቃሬ አፍ ቀስ በቀስ የሚሰፋ መሆን አለበት።

2ኛ. መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሩ አለመግባት። በጠንካራ መደገፊያ ላይ ማሳረፍና ጎማውን መወተፍ ያስፈልጋል።

3ኛ. ከመበየድ በፊት ሁሉንም በቡሎን ለጊዜው አስሮ በየማንጠልጠያው ላይ መስቀል። አስቀድሞ የተበየደ ቱቦ ተጣሞ ቢገኝ ጎማው ማንጠልጠያ ሲጎተት ይኖርና ይበጠሳል። ለብየዳም የባትሪውን ሽቦ ማላቀቅ ይገባል።

4ኛ. ለመስፋፋት ስፍራ መተው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ማንጠልጠያው ከጎማ የሚሠራው ስለዚህ ነው። በጎማ ፈንታ ቱቦውን ከሻሲው ጋር በሽቦ ጠፍሮ ማሰር ስንጥቅን መጋበዝ ነው።

5ኛ. ሙቀትን ማራቅ። ሰፊው ቱቦ ከጠባቡ የበለጠ ስፍራ ይይዛል። ከሳልባትዮው፣ ከፍሬን ዘይት መሥመር፣ ከመለዋወጫው ጎማና ከኃይል አስተላላፊው ዘንግ በቂ ርቀት መኖሩን፣ መኪናው ቆሞ ብቻ ሳይሆን ጎማዎቹ ሲወርዱና ሲወጡም መመልከት ያስፈልጋል። በድንጋያማ መንገድ የሚሄድ መኪና ሥሩ ዝቅ ቢል መጀመሪያ የሚመታው ማርሚታው ነው።

6ኛ. የውኃ መውጫ ማሰብ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይፈጠራል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የዚህ ውኃ ጥቂቱ በማርሚታው ሆድ ውስጥ ይቀራል። በነዳጁ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋሕዶም አሲድ ይሆንና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። በወለጋ ክረምቱ ረጅም፣ ጭቃውም ብዙ ስለ ሆነ ከውጭም እንዲሁ ይበላል። አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ መኪና ማርሚታው ቶሎ የሚበሳው በዚህ ምክንያት ነው።

7ኛ. መጨረሻውን መመርመር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሥቶ የጅራቱን አፍ ለጥቂት ጊዜ በወፍራም ጨርቅ ከፊል በመዝጋት፣ በየመጋጠሚያው ፍስ የሚል ድምፅ መኖሩን ማዳመጥ ይቻላል። ድምፅ ካለ ጓርኒሲዮኑ ወይም ብየዳው አልያዘም። ከጥቂት ቀን በኋላም ቡሎኖቹን እንደ ገና ማጥበቅ ይገባል።

በቤንዚን ስለሚሠሩ የቅንጦት መኪናዎች

እስካሁን የተናገርነው ስለ አሮጌው የናፍጣ ሞተር ነው። ዘመናዊው የቤንዚን መኪና ሌላ ችግር ይጨምራል። በጭስ ማውጫው ውስጥ ካታሊስት የሚባል፣ በፕላቲነምና በመሰል ውድ ማዕድናት የተቀባ የማር እንጀራ የመሰለ ክፍል አለ፤ መርዛማውን ጭስ ጉዳቱ ወደሚያንስ ጋዝ ይለውጣል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይህን ክፍል ያበላሸዋል፤ ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪቃ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ያስቀሩት በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2005 መጨረሻ ነው። በተጨማሪም ኦክስጂን የሚለካ ሴንሰር በቱቦው ላይ ተተክሎ ለሞተሩ ኮምፒዩተር ወሬ ያቀብላል። ከሴንሰሩ በፊት ባለው መጋጠሚያ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር የውጭ አየር ይገባል፤ ኮምፒዩተሩም ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ባለቤቱ ጉልበት ገዛሁ ሲል የገዛው የቤንዚን ወጪ ይሆናል። የሌላ ሞዴል ማውጫ ሲገጠም የሴንሰሩ ስፍራ አንድ ካልሆነ የሚደርሰው ይህ ነው።

መልክና ሥራ የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት አንድ የውጭ አገር ምሳሌ እንጨምር። ሌክሰስ አይኤስ 350 ባለ 3.5 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደርና 306 ፈረስ ጉልበት መኪና ነበር። የዚሁ ቤተ ሰብ ከፍተኛው ሞዴል አይኤስ ኤፍ ባለ 5 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደርና 416 ፈረስ ጉልበት ነበር። አይኤስ ኤፍ የሚታወቀው ከኋላ በሁለት በሁለት ተደራርበው በሚታዩት አራት የጭስ አፎች ነው። ሆኖም እነዚያ አፎች ከቱቦው ጋር የተያያዙ ሳይሆኑ ከኋላ መከላከያው ጋር የተሠሩ ናቸው። ማርሚታውን ብቻ ገዝቶ የሚያስገጥም ሰው የተመኛቸውን አራቱን አፎች አያገኝም፤ አፎቹን ብቻ የሚያስገጥም ደግሞ ጌጥ እንጂ ማውጫ አላስገጠመም።

እውነተኛ ጥቅም የሚገኝበት ጊዜ

የከፍተኛው ሞዴል ማውጫ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ሦስት ጊዜ ይጠቅማል። የመጀመሪያው አሮጌው ተበስቶ የከፍተኛው በተሻለ ሁኔታና በተመጣጠነ ዋጋ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ የሚገዛው ጤናማ ቱቦ ነው። ሁለተኛው ተርቦ ሲገጠም ነው፤ ተርቦው የሚሽከረከረው በፊቱና በኋላው ባለው የግፊት ልዩነት ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በኋላ ያለው ቱቦ በሰፋ ቁጥር ቀድሞ ይነሣል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ሆኖም 1ኤችዚ ለተርቦ የተሠራ ስላልሆነ፣ ተርቦ ሲጨመርለት የጭሱን ሙቀት መለካትና ነዳጁን በልክ ማድረግ ግድ ነው፤ አለዚያ ፒስተኑ ይቀልጣል። ሦስተኛው የከፍተኛው ሞዴል ሞተር ከነሙሉ ዕቃው ሲገባ ነው። በሦስቱም ጊዜ ማውጫው ሌላውን ይከተላል እንጂ አይቀድምም።

የሰው ጤና ጉዳይ

በመጨረሻ ከጉልበትም ከገንዘብም የሚበልጠውን ነገር እናንሣ። ጭስ ማውጫ መጀመሪያ የተሠራው ጭሱን ከሰው ለማራቅ ነው። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጂን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣው የበለጠ ያወጣዋል። በነቀምት ከፍታ ኦክስጂኑ አስቀድሞ የሳሳ ስለ ሆነ ሰው ጉዳቱን በቶሎ ያገኘዋል። ከወለሉ ሥር ያለ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም ከመኪናው አካል ውጭ ሳይዘልቅ የተቆረጠ የኋላ ቱቦ ጭሱን ወደ ውስጥ ያስገባል። መኪና ሲሮጥ ከኋላው የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ የኋላ በሩ ተከፍቶ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ ላንድክሩዘር የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል። ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕፃናት ናቸው። ራስ ምታትና እንቅልፍ በመንገድ ድካም ብቻ የሚመጣ አይምሰለን።

የናፍጣ ጭስ በካይነት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ወገን መድቦታል። ማርሚታ ወይም ካታሊስት ያወለቀ መኪና በገበያ ቀን በከተማው መካከል ሲያልፍ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ዳር ቡና የምታፈላው ሴትና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅም ናቸው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየጊዜው እንዲመረመር ማዘዙም ለዚህ ለጋራ ደኅንነት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ስንሰበስበው፤ የከፍተኛው ሞዴል ጭስ ማውጫ በዝቅተኛው ሞተር ላይ ብቻውን ቢገጠም በሙሉ ፍጥነት ሁለት ፈረስ ጉልበት የማይሞላ፣ በዳገት ላይ ደግሞ የማይታወቅ ትርፍ ይሰጣል። በወለጋ ደጋ የሚጎድለው የመግቢያው አየር እንጂ የመውጫው ስፋት አይደለም። አሮጌው ሲበሳ ቢተካ ጥሩ ነው፤ ሲተካም በልክ፣ ያለ ቀዳዳና እስከ መኪናው ጅራት ድረስ ተደርጎ ይሁን። ባለ መኪናው ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ አስቀድሞ አየር ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ የናፍጣ መርጫውንና ፖምፓውን፣ ከዚያ በኋላ ጓርኒሲዮኑን ያስመርምር። የምሕንድስና ተማሪዎችም ወደ ጋራዦቹ ወርደን የኋላ ግፊትን በመለኪያ ብንለካ፣ እዚህ በስሌት ያቀረብነው በተግባር ይፈተናል፤ ለመካኒኩም ለባለ መኪናውም ከጆሮ የተሻለ ምስክር እናቀርብላቸዋለን።